ዱባው ለምን ሐረግ ብቻ ሆነ? የአፈር ምርመራ ውጤት በአገራችን እንዴት ሲነበብ እንደኖረ

«ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ የሚነገረው ስለ ሰው ጠባይ ቢሆንም፣ ለዚህ የዩኒየናችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ስለ አፈር ምርመራ ታሪክ እንድጽፍ በተጠየቅሁ ጊዜ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። ምክንያቱም የአፈር ምርመራ ውጤትን ማንበብ የተማርኩት ከመጽሐፍ ይልቅ ከአንዲት እናት የዱባ መደብ ነው። በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ውድ አንባብያን እንድትገነዘቡልኝ አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀማሪ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሳለሁ፣ በምሠራበት ቀበሌ ከጥቂት አርሶ አደሮች ማሳ የአፈር ናሙና ተወስዶ ወደ ላቦራቶሪ ተልኮ ነበር። ከእነዚህ አንዷ የመሠረታዊ ማኅበሩ አባል የነበሩ እናት ናቸው። ከእሳቸው መሬት ሁለት ናሙና ተወሰደ፤ አንደኛው ዱባ ከሚተክሉበት ከጓሯቸው፣ ሁለተኛው ከቤታቸው የግማሽ ሰዓት መንገድ ከሚርቀው የገብስ ማሳቸው። ውጤቱ ወራት ፈጅቶ መጣ። ወረቀቱን ወስጄ ሰጠኋቸው። ገልበጥ ገልበጥ አድርገው ካዩት በኋላ «ልጄ፣ ይኼ ወረቀት መሬቴን ምን ይለዋል?» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር እኔም አላወቅሁትም። ቁጥር አየሁ፤ ምልክት አየሁ፤ ላቤ መጣ። ላለማፈር ስል ግን በዚያን ጊዜ ለሁሉም ሰው የምንለውን አልኳቸው። «ዳፕና ዩሪያ ይጨምሩበት እማማ» አልኩ። እሳቸውም ቃሌን አክብረው ለገብሱ ከገዙት ዩሪያ ላይ ቀንሰው ለዱባው አፈሰሱለት። በዚያ ክረምት የዱባው ሐረግ አጥሩን ተሻግሮ ጎረቤት ገባ፤ ቅጠሉ እንደ ሰፌድ ሰፋ፤ ያየ ሁሉ አደነቀ። መስከረም ጠብቶ ሲታይ ግን ከመደቡ ሁሉ የተገኘው ዱባ በጣት የሚቆጠር ነበር። ዱባውን ገበያ አውጥተው የልጆቹን ደብተርና የጨው መግዣ የሚያገኙበት ስለነበር ጉዳዩ ለእሳቸው ቀልድ አልነበረም። «ዘንድሮ ቅጠል ልሽጥ?» አሉኝ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያ ወረቀት ግን «ዩሪያ ጨምሩ» አላለም ነበር። ለገብሱ ማሳና ለጓሮው የተለያየ ነገር ነበር የሚናገረው። እኔ ነኝ ሁለቱንም አንድ አድርጌ ያነበብኩት። በኋላ ነገሩን ስከታተለው ደግሞ ስሕተቱ የእኔ ብቻ እንዳልነበረ ተረዳሁ። አገር በሙሉ ለአርባ ዓመታት ያህል አፈሩን እንደዚሁ በአንድ ዐይን ሲያነብ ኖሯል።

የቁጥሮቹ አባቶች

የአፈርን ለምነት በኬሚስትሪ መለካት የተጀመረው በ19ኛው መቶ ዘመን በአውሮፓ ነው። ጀርመናዊው ካርል ስፕሬንግል በ1828፣ ከእሱ በኋላ የአገሩ ሰው ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በ1840 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሰብል ዕድገት የሚወሰነው በብዛት ባለው ንጥረ ነገር ሳይሆን ከሁሉ ይልቅ ባነሰው መሆኑን አስተማሩ። ሌላው ሁሉ ቢትረፈረፍ አንዱ ከጎደለ ሰብሉ እዚያው ላይ ይቆማል። ትምህርቱ ትልቅ ነበር። ነገር ግን ሊቢግ ራሱ በ1840ዎቹ በኬሚስትሪ ስሌት ብቻ ተነሥቶ የሠራው ማዳበሪያ ገበያ ላይ ወድቆ ቀርቷል። ንጥረ ነገሮቹ በዝናብ እንዳይታጠቡ ብሎ በእሳት አቅልጦ ስላዋሐዳቸው፣ ሥሩም ሊያገኛቸው አልቻለም። ማዳበሪያው ውስጥ አሉ፤ ለሰብሉ ግን የሉም።

በእንግሊዝ አገር ሮታምስቴድ በሚባል ቦታ ላውስና ጊልበርት የተባሉ ሁለት ሰዎች ደግሞ በ1843 ሌላ መንገድ ያዙ። ስንዴ የሚዘራበትን አንድ ማሳ በመደብ በመደብ ከፍለው ለእያንዳንዱ የተለያየ ማዳበሪያ እየሰጡ፣ አንዱን መደብ ግን ምንም ሳይሰጡት ተዉት። ያ ምንም ያልተሰጠው መደብ እስከ ዛሬ ድረስ አለ። ስለዚህ መደብ ወደ በኋላ እመለስበታለሁና አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እፈልጋለሁ።

በውጤት ወረቀታችን ላይ የምናያቸው መስመሮች እያንዳንዳቸው የትውልድ ቦታ አላቸው። ናይትሮጅን የሚለካበት ዘዴ በ1883 የዮሐን ኬልዳል ሥራ ነው። ፒኤች የሚባለው የኮምጣጣነት መለኪያ ደግሞ በ1909 በሶረን ሶረንሰን ተፈጠረ። ሁለቱም ሰዎች የሠሩት በዴንማርክ፣ ኮፐንሃገን፣ በካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ነው። የቢራ ገብስ የምታመርቱ አባሎቻችን ይህን ስትሰሙ ፈገግ እንደምትሉ እገምታለሁ፤ አፈራችሁ የሚመዘንባቸው ሁለት ሚዛኖች ከጠማቂ ቤት የወጡ ናቸው። ኦርጋኒክ ካርቦን የሚለካበት የዋክሊና ብላክ ዘዴ በ1934 ተከተለ።

ከሁሉም አስቸጋሪው ፎስፈረስ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ኬሚስቶች አፈሩን በጠንካራ አሲድ አሟሙተው በውስጡ ያለውን በሙሉ ይለኩ ነበር። ውጤቱ ግን ከሰብሉ ጋር አልገጥም አለ፤ ብዙ ፎስፈረስ ያለው መሬት ሰብል ይነሣ ነበር። ልክ ጎተራው ሙሉ ሆኖ ቁልፉ የጠፋበት ሰው ዓይነት ነው። ስለዚህ በርናርድ ዳየር በ1894 የሥርን ሥራ እንዲመስል ብሎ ቀለል ያለ የሎሚ አሲድ ተጠቀመ። ከዚያ በኋላ ብሬይ በ1945፣ ኦልሰን በ1954፣ መሊች በ1984 እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ማሟሚያ አወጡ። እያንዳንዱ ማሟሚያ ከአንዱ አፈር የሚያወጣው መጠን ይለያያል። ይህ ነጥብ የሊቃውንት ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ግን አይደለም። ፎስፈረስ «12» ተብሎ ቢጻፍላችሁ፣ በኦልሰን ዘዴ ከሆነ መካከለኛ ነው፤ በመሊች 3 ከሆነ ግን በጣም ዝቅተኛ ነው። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ትርጉሙ ግን ማዳበሪያ የመግዛትና ያለመግዛት ያህል ይራራቃል።

አንድ ኩንታል ዳፕ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ

አባቶቻችን ያለ ላቦራቶሪ አፈር ያነቡ እንደነበር መዘንጋት የለበትም። ዋልካውን ከቀዩ፣ ጓሮውን ከሩቁ ማሳ ለይተው ያውቃሉ። በሸዋ ደጋ አፈሩን በክምር በክምር እያደረጉ በማጋየት ገብስ የሚዘሩ ነበሩ፤ ዱባውንም ማንም ሳይነግራቸው ፍግና አመድ በሚደፋበት ጓሮ ነው የሚተክሉት። ዱባ ከውጭ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ተክል ቢሆንም ጓሯችንን ቤቱ አድርጎ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለም መሬት ይወዳል፤ በተለይም አመድ ውስጥ በብዛት የሚገኘውን ፖታሲየም ከአፈር አብዝቶ ይወስዳል።

በዘመናዊው መንገድ የአገራችንን አፈር በሰፊው የመመርመሩ ሥራ የሚያያዘው ከአለማያ የግብርና ኮሌጅ ጋር ነው። ኮሌጁ በአሜሪካው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እገዛ የተቋቋመ ሲሆን ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ነው። እዚያ ያስተምር የነበረ መርፊ የተባለ ምሁር ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የተሰበሰቡ ናሙናዎችን መርምሮ ውጤቱን በ1963 እና በ1968 አሳተመ። ጠቅለል ብሎ ሲታይ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ አነስተኛ፣ ፖታሲየም ግን በቂ ሆነው ተገኙ። በዚያው ጊዜ፣ ከ1967 ጀምሮ፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በፀረ ረሃብ ዘመቻው አማካይነት በአርሶ አደሮች ማሳ ላይ የማዳበሪያ ሠርቶ ማሳያ ማካሄድ ጀመረ። በአርሲም የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ብዙዎች «ካዱ» እያሉ የሚያስታውሱት፣ በስዊድን መንግሥት እርዳታ በ1967 ተቋቁሞ ማዳበሪያን ለአርሶ አደሩ አደረሰ። በ1971 የጀመረው አነስተኛ ፓኬጅ ፕሮግራም ይህን ወደ ሌሎች አካባቢዎች አስፋፋው።

እነዚህ ሥራዎች የሚናቁ አልነበሩም። በዚያን ጊዜ ከዚያ የተሻለ መረጃ አልነበረም፤ ማዳበሪያውም ምርት ጨምሯል። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ፖታሲየም በቂ ነው» የሚለው የአንድ ዘመን ንባብ ቀስ በቀስ «የኢትዮጵያ አፈር ፖታሲየም አይጎድለውም» ወደሚል እምነት ተለወጠ። ንባቡ የተወሰኑ ናሙናዎች ንባብ ነበር፤ እምነቱ ግን የሁሉም መሬት ሆነ። ጊዜውም ቆሞ አልጠበቀም። መሬቱ ሳያርፍ ታረሰ፤ ገለባው ለከብት፣ ኩበቱ ለማገዶ ሄደ፤ ከገለባው ጋር ፖታሲየሙም ሄደ። የሚመጣው ማዳበሪያ ዳፕና ዩሪያ ብቻ ነበር። ዳፕ ከመቶ 18 ናይትሮጅንና 46 ፎስፌት ነው፤ ዩሪያ 46 ናይትሮጅን ነው። በሁለቱም ውስጥ አንዲት ፍሬ ፖታሲየም የለችም።

ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ የኤክስቴንሽን ፓኬጁ በአገር አቀፍ ደረጃ ሲስፋፋ ምክሩ ወደ አንድ ዐረፍተ ነገር ተጠቃለለ። በሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ። ለጤፍም፣ ለስንዴም፣ ለቀዩም፣ ለዋልካውም። ይህ ዐረፍተ ነገር ለሚያስተምረው ባለሙያ ቀላል፣ ለሚያከፋፍለው ማኅበር ቀላል፣ ለሚሰማውም ገበሬ ቀላል ነበር። እኔም በዚያች እናት ጓሮ ቆሜ የደገምኩት ይህንኑ ነው። የአፈር ላቦራቶሪዎች ያኔም ነበሩ፤ በአዲስ አበባም በየክልሉም። ወረቀት ያወጣሉ፤ ምክሩ ግን ወረቀቱ ከመውጣቱ በፊት ያለቀ ነበር።

እምነቱ መነቃነቅ የጀመረው በማሳ ላይ ሙከራ ነው። በ2004 የታተመ የተመራማሪዎች ሥራ በመካከለኛው ደጋ በዋልካ መሬት ላይ ፖታሲየም የተጨመረለት ስንዴ ምርት እንደጨመረ አሳየ። ዋልካ በወረቀት ላይ ፖታሲየም አለው፤ ነገር ግን ጭቃው አጥብቆ ይይዘዋል፣ ማግኒዚየሙም ይሻማዋል። ሊቢግ በማዳበሪያው የደረሰበት ነገር እኛ በአፈራችን ላይ ደረሰብን። አለ፤ ለሰብሉ ግን የለም።

ሁለተኛው ንባብ

የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2010 ተቋቋመ (ከ2022 ወዲህ ኢንስቲትዩት ተብሏል)። ከእሱም ጋር በ2012 የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት፣ በአጭሩ ኢትዮሲስ፣ የተባለው ፕሮጀክት ሥራ ጀመረ። በፕሮፌሰር ተካልኝ ማሞ መሪነት በየወረዳው ናሙና እየተሰበሰበ፣ በላቦራቶሪና በብርሃን ጨረር ንባብ እየተመረመረ ካርታ ተሠራ። ካርታው ከናይትሮጅንና ፎስፈረስ በተጨማሪ ድኝ፣ ቦሮን፣ ዚንክ፣ በአንዳንድ አካባቢ ፖታሲየምና መዳብ መጉደላቸውን አመለከተ። ከዚያ ወዲህ ዳፕ ቦታውን ለኤንፒኤስ ለቀቀ፤ ይኸውም ከመቶ 19 ናይትሮጅን፣ 38 ፎስፌትና 7 ድኝ ያለው ነው።

እዚህ ላይ የኅብረት ሥራ ታሪክ ከአፈር ታሪክ ጋር ይገናኛል። በአዋጅ ቁጥር 147/1991 መሠረት የተደራጁት ዩኒየኖች ማዳበሪያን ከማከፋፈል አልፈው ወደ መቀላቀል ገቡ። ከ2014 አንሥቶ በቾ ወሊሶ፣ ጊቤ ደዴሳ፣ መርከብ፣ መሊቅ ስልጤና እንደርታ ዩኒየኖች የማዳበሪያ መቀላቀያ ፋብሪካ ባለቤት ሆኑ። የገበሬ ድርጅት የራሱን አፈር ካርታ አይቶ ማዳበሪያ ይቀይጣል ማለት በአያቶቻችን ዘመን የማይታሰብ ነበር። ፋብሪካዎቹ እንደታሰበው በሙሉ ዐቅማቸው አለመሥራታቸው ያሳዝናል፤ ቢሆንም ሐሳቡ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሆኖም ሁለተኛውም ንባብ ያለ ክርክር አላለፈም። በኋላ በየማሳው የተደረጉ ሙከራዎች እንዳሳዩት፣ በካርታው ላይ ቦሮን ወይም ዚንክ ጎደለ በተባለበት ሁሉ ያንን መጨመር ምርት አልጨመረም፤ በብዙ ቦታ አሁንም ዋናዎቹ ጎደሎዎች ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሆነው ተገኝተዋል። ምክንያቱ «ዝቅተኛ»፣ «በቂ» የሚባሉት ድንበሮች አብዛኞቹ ከሌላ አገር ሰብልና አፈር የተወሰዱ መሆናቸው ነው። ድንበሩ በራስ ማሳ ካልተፈተነ ቁጥሩ ቁጥር ሆኖ ይቀራል። ሮታምስቴዶች አንዱን መደብ ምንም ሳይሰጡት የተዉት ለዚህ ነበር።

ወደዚያች ጓሮ ስንመለስ

አሁን የእኚያን እናት ወረቀት እንደገና እናንብበው። ከጓሯቸው የተወሰደው ናሙና ፒኤች 7.1፣ ኦርጋኒክ ካርቦን ከመቶ 3.3፣ ጠቅላላ ናይትሮጅን ከመቶ 0.30፣ በኦልሰን ዘዴ የተለካ ፎስፈረስ በኪሎ 44 ሚሊ ግራም፣ ፖታሲየም በኪሎ 980 ሚሊ ግራም ይላል። የሩቁ የገብስ ማሳ ደግሞ በዚያው ቅደም ተከተል 5.1፣ 1.4፣ 0.11፣ 4 እና 140 ነበር። አንድ ቤት፣ አንድ ባለቤት፣ ሁለት አገር።

ከፒኤች እንጀምር። ዱባ የሚስማማው ከ6.0 እስከ 6.8 ገደማ ነው። ጓሮው 7.1 ስለሆነ ችግር የለበትም፤ ግን አመድ መድፋቱ ከቀጠለ ወደ ላይ እየወጣ ብረትና ዚንክ ለተክሉ እየራቁት ይሄዳሉ። የገብሱ ማሳ 5.1 ማለት ጠንካራ ኮምጣጣ ነው። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ ያህሉ በኮምጣጣነት የተጠቃ መሆኑን ስናስብ የእሳቸው ማሳ ብቻውን አይደለም። እንዲህ ባለ መሬት አሉሚኒየምና ብረት ፎስፈረሱን ይይዙታል፤ ስለዚህ ፎስፈረሱ 4 ሆኖ መገኘቱ አያስገርምም። ኖራ ሳይነካው ዳፕ ብቻ መጨመር ማዳበሪያውን ለአሉሚኒየሙ መቀለብ ነው። ዩሪያውና ዳፑም በየዓመቱ በበኩላቸው ኮምጣጣነቱን ይጨምራሉ። አንድ ማሳሰቢያ፦ ፒኤች ኖራ ያስፈልግ እንደሆነ ይናገራል እንጂ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ብቻውን አይናገርም፤ ለመጠኑ ላቦራቶሪው የሚለዋወጥ አሲድ የሚለውን መስመር እንዲለካላችሁ ጠይቁ።

ናይትሮጅኑ ነው እኔን ያሳፈረኝ። «0.30» ሲባል ኢምንት ይመስላል። እናስላው። አንድ ሄክታር መሬት እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ 2 ሚሊዮን ኪሎ ግራም ያህል አፈር አለው። ከዚህ ከመቶ 0.30 ማለት 6,000 ኪሎ ናይትሮጅን ነው። አብዛኛው በብስባሹ ውስጥ የታሰረ ስለሆነ በአንድ ዓመት የሚፈታው ጥቂቱ ነው፤ ከመቶ ሁለት እጅ ብንል 120 ኪሎ ይሆናል። በዩሪያ ሲመነዘር ከሁለት ኩንታል ተኩል በላይ በሄክታር መሆኑ ነው። ጓሮው ይህን በነፃ እየሰጠ ሳለ ነው እኔ ዩሪያ ያስጨመርኩት። ናይትሮጅን የበዛለት ዱባ ደግሞ ጉልበቱን ወደ ሐረግና ቅጠል ያዞራል። ፍሬ መያዝ ይዘገያል። በእርግጥ ዱባ አልያዘም ሲባል አፈሩ ብቻ ተጠያቂ አይደለም። ሴቴዋ አበባ ንብ ካላገኘች፣ ማለዳውን ሙሉ ከዘነበ፣ ፍሬው ጠውልጎ ይወድቃል። በዚያ ዓመት ግን ዩሪያ ያልነካው የጎረቤት ዱባ በዚያው ዝናብና በዚያው ንብ ጥሩ አፍርቶ ነበር።

ፎስፈረስ 44 በኦልሰን ዘዴ በጣም ከፍተኛ ነው፤ ዳፕ ለዚያ ጓሮ ምንም አይጨምርም። ፖታሲየም 980 የዓመታት የአመድ ቁጠባ ነው። የገብሱ ማሳ 140 ግን ከ190 በታች ስለሆነ ዝቅተኛ ተብሎ ይመደባል፤ አገር ሁሉ «ፖታሲየም አይጎድለንም» እያለ ሳለ ወረቀቱ ጎድሎኛል ይል ነበር። አንዳንድ ላቦራቶሪ ፖታሲየምን በሳንቲሞል ይጽፈዋል፤ አንዱ ሳንቲሞል በኪሎ 390 ሚሊ ግራም ያህል መሆኑን ብትይዙ አትደናገሩም። የጓሮው 2.5 ሳንቲሞል፣ የማሳው 0.36 ይሆናል ማለት ነው።

ምክሩ በሄክታር ሲጻፍ ለጓሮ መመንዘሩም ብዙዎቻችንን ያስቸግረናል፤ ግን ቀላል ነው። 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ጓሮ የሄክታር መቶኛ ስለሆነ፣ በሄክታር አንድ ኩንታል የተባለው ለእሱ አንድ ኪሎ ነው። ሁለት ቶን ኖራ የተባለውም 20 ኪሎ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ንባብ ግን ናሙናው በትክክል ካልተወሰደ ከንቱ ነው። ከአንድ መደብ ወዲህና ወዲያ እያሉ ከ10 እስከ 15 ቦታ፣ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍሮ፣ አደባልቆ፣ በጥላ አድርቆ ግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ መላክ ነው። አመድ ከተደፋበት ጉብታ፣ ከአጥር ሥር፣ ከከብት ማደሪያ አይወሰድም። ጓሮና ማሳ አይደባለቅም። በባዶ የዩሪያ ጆንያ ናሙና ሲጭኑ በዐይኔ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለው ናሙና ስለ ጆንያው እንጂ ስለ አፈሩ አይናገርም። ዚንክ የሚለካ ከሆነ ደግሞ የቆርቆሮ ባልዲ አይነካው፤ ቆርቆሮው ራሱ በዚንክ የተለበጠ ነው። በውጤቱ ላይ የዘዴው ስም ካልተጻፈ ጠይቃችሁ አስጽፉ። ለወረዳ ባለሙያዎቻችንም ይህን አደራ እላለሁ፤ ዘዴው ያልተጻፈበት ፎስፈረስ ለገበሬው አትስጡት።

ከዱባው ክረምት ሁለት ዓመት ያህል በኋላ፣ ወረቀቱን ማንበብ ከተማርኩ ወዲያ፣ ወደ እማማ ዘንድ ሄጄ ስሕተቴን ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። ከዚያ አንድ ነገር ተስማማን። ከምድጃው የሚወጣው አመድ ወደ ጓሮው መደፋቱ ቀርቶ በአህያ ወደ ገብሱ ማሳ ይሄዳል፤ ዩሪያ ግን አብሮት አይደባለቅም፣ ሲቀላቀሉ ናይትሮጅኑ በኖ ይጠፋልና። አመድ ከግብርና ኖራ ግማሽ ያህል ወይም ከዚያም ያነሰ ኃይል እንዳለው ነግሬያቸዋለሁ፤ ኖራ በዚያን ጊዜ በአካባቢያችን አይገኝም ነበር። በማሳው ዳር ላይ ለሙከራ አሥር የዱባ ጉድጓድ ቆፈርን። ለአምስቱ አመድና የበሰበሰ ፍግ ሰጠን፤ አምስቱን ምንም ሳንሰጥ ተውናቸው።

እማማ የሮታምስቴድን ስም ሰምተው አያውቁም። ያልተሰጣቸውን አምስት ጉድጓዶች ለመለየት ግን ራሳቸው በየጉድጓዱ አጠገብ ነጭ ድንጋይ አኖሩ። በጥቅምት ነጭ ድንጋይ ያለባቸው ዱባዎች ክንድ የማይሞላ ሐረግ ይዘው ቢጫ ሆነው ቆመዋል። ከሌሎቹ አምስት ጉድጓዶች ዘጠኝ ዱባ ቆረጥን። ጓሮው በዚያ ዓመት ዩሪያም ሆነ አመድ አልነካውም፤ ከእሱ የወጣውን ግን በአህያ ሁለት ጊዜ ነው ወደ ገበያ ያመላለሱት። የውጤት ወረቀቱን ሳጥናቸው ውስጥ ከመሬት ደብተራቸው ጋር አጣጥፈው አስቀምጠውታል፤ በጀርባው ላይ የአሥሩን ጉድጓዶች ሥዕል በእርሳስ ሥያለሁ፣ ከሥሩም ዘጠኝ እና ዜሮ ተብሎ ተጽፏል።